ከጉድጓዱ የተጣራው ማን ነበር?

ዛግሬብ፣ መስከረም 6 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለማከብርዎት ለእትዬ ዲንቄ፣

ዘመን መለወጫው ከልጅዎ ከጂቱ ጋር በሰላም ገብቶልዎት እንደሆነ ብዬ ከሩቅ እጅ እነሣለሁ። እኔ ዩጎዝላቪያ ከመጣሁ እነሆ ዓመት ሞላኝ፤ ቋንቋቸውን እየተኮላተፍኩም ቢሆን እናገራለሁ፣ ምግባቸውንም ተላምጃለሁ። የኬሚስትሪ ትምህርቴ እስካሁን በአብዛኛው ብርጭቆ ማጠብ ነው።

የአባቴ ደብዳቤ በነሐሴ መጨረሻ ደረሰኝ። ሁለት መስመር ብቻ ናት። «ወንድሜ ከበበ በሰኔ ዐረፈ። አንተ ትምህርትህን ተማር» ትላለች። ወረቀቱን አገላብጬ አየሁት፤ ጀርባው ባዶ ነው። አባቴ ቃል እንደሚቆጥብ እርስዎም ያውቃሉ፤ የወንድሙን ሞት እንኳ እንዲህ ይቆጥበዋል ብዬ ግን አላሰብኩም ነበር።

እትዬ፣ ጋሼ ከበበ ምን ነካው? በምን ታመመ? እናቴ ከሞተች ወዲህ እርስዎና እሱ ናችሁ ያሳደጋችሁኝ። አምና ልደታ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ሣጥኔን በትከሻው ተሸክሞ የሸኘኝ እሱ ነው። ሠራተኛው «እኛ እንወስደዋለን» ሲለው «እናንተ ትጥሉታላችሁ» ብሎ እንደተቆጣ ያስታውሳሉ። ያን ቀን በጤናው ላይ ምንም አላየሁበትም። ቀብሩ ላይ አፈር አልመለስኩም፣ ድንኳንም አልተቀመጥኩም፤ ስለዚህ እስከ አሁን የሞተ አይመስለኝም። እባክዎን እንዴት እንደሆነ ይጻፉልኝ። አንብቤ ላልቅስበት።

ፈጣሪ ለእርስዎና ለጂቱ መጽናናቱን ይስጥልኝ። አባቴንም ሰላም ይበሉልኝ።

የእጅዎ ልጅ፣ አዱኛ ነገሳ

*

የካ አባዶ፣ ኅዳር 14 ቀን 1953 ዓ.ም.

ይድረስ ለልጄ ለአዱኛ፣

እኔም ጂቱም ላሞቹም ቆመን እንሄዳለን፤ ከዚህ የበለጠ ጤና ለጊዜው የለንም። አንተን ግን ያለህበት አገር ብርድ አይንካህ፣ ክፉ ዓይን አይይህ። ይህን የጻፍኩት በገዛ እጄ ነው። ማታ ማታ ለአዋቂዎች የሚያስተምሩ ሰዎች መጥተው ፊደል ቆጥሬያለሁ። ዶሮ የጫረችው ቢመስልህ ሳቅ፣ ግን ለብቻህ ሳቅ።

ስለ አጎትህ ጠየቅኸኝ። ሰው ነው፣ ሞተ። አልታመመም። አላስታመምነውም። ከዚህ በላይ የምጽፈው ፊደል ገና አልተማርኩም።

አባትህን ሰላም ይበሉልኝ ላልከው፣ ሌላ ሰው ፈልግ። ደኅና ነው መሰለኝ፤ ሲያስል ይሰማኛል። በሁለታችን ቤት መካከል ከክረምቱ ወዲህ የእሾህ አጥር አለ። ማን አጠረው ብለህ እሱንም እኔንም እንዳትጠይቅ።

ካስቸገርኩህ ጥቁር የሱፍ ሻርፕ ብትልክልኝ ደስ ይለኛል። ከእንጦጦ የሚወርደው ቁር ዘንድሮ ጠንክሯል፣ ሐዘኔም ገና ነው። ደብዳቤህን ኮተቤ በሀሚድ ሱቅ በኩል አድርገው፤ ሀሚድ ታማኝ ነው፣ ከፍቶ አያነብም። ቢያነብም አያወራም።

የሰማይ አምላክ ያሳድግህ።

እትዬህ ዲንቄ

*

ዛግሬብ፣ የካቲት 3 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለእትዬ ዲንቄ፣ ፊደል አስቆጥሮ ለዚህ ላበቃዎት አምላክ ምስጋና እያቀረብኩ፣

ደብዳቤዎ በታኅሣሡ ግርግር ምክንያት የት ቆሞ እንደከረመ እንጃ፣ የደረሰኝ ባለፈው ሳምንት ነው። አዲስ አበባ ላይ ተኩስ ነበር ሲሉ ሰምተን እዚህ ያለን ሐበሾች ሁሉ እንቅልፍ አጥተን ነበር። ጽሕፈትዎ ከእኔ ይሻላል፤ አልሳቅሁም።

ያልጻፉልኝን ነገር ግን ደጋግሜ አነበብኩት። ሰው ሳይታመም እንዴት ይሞታል? አጥሩስ? ሁለቱ ወንድማማቾች አንድ ግቢ ውስጥ ቤት የሠሩት አጥር እንዳይኖር ነው ሲሉ የነበሩት እርስዎ ነዎት። እንዳትጠይቅ ስላሉኝ አልጠይቅም፤ ይህን ያህል ግን እንደሚያስጨንቀኝ ይወቁልኝ።

ሻርፑን ገዝቼያለሁ፤ የሚመጣ ሰው እየፈለግሁ ነው። እስከዚያው የሚያስቅዎትን ላጫውትዎት። በቀደም መምህራችን ትልቅ የብርጭቆ ማሰሮ ይዘው ገቡ። ባዶ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሻማዎች አንዱ ዝቅ፣ አንዱ ከፍ ብለው በርተዋል። መምህሩ ባዶውን ማሰሮ ልክ ጠላ እንደሚቀዳ ሰው ዘንበል አደረጉት። ምንም ሲፈስ አላየንም። ሻማዎቹ ግን ከታችኛው ጀምሮ ድርግም፣ ድርግም እያሉ ጠፉ። እኔ እርስዎን አስታውሼ «በስመ አብ» አልኩ፤ በክፍሉ የነበሩት ሁሉ ዞረው አዩኝ።

ማሰሮው ባዶ አልነበረም ለካ። የዕብነ በረድ ስብርባሪ ላይ አሲድ ሲያፈሱበት እየተፍለቀለቀ የሚወጣ አየር ሞልተውበት ነው። ስሙ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይባላል፤ ረጅም ስለሆነ ለእርስዎ «ከባዱ አየር» እለዋለሁ። አይታይም፣ ይህ ነው የሚሉት ሽታም የለውም። እንደ ውሃ ይቀዳል፣ ዝቅ ያለ ቦታ ይፈልጋል። የአምቦ ውሃን የሚያንጣጣው እሱ ነው። ጠላ ጋን ውስጥ ሲብላላ አረፋውን የሚገፋውም እሱ ነው። እኛም ስንተነፍስ እሱን እናወጣለን። ላለማመን ከፈለጉ፣ ኖራ በውሃ በጥብጠው ያጥልሉና የጠራውን ውሃ በመቃ እፍ ይበሉበት። ወተት ይመስላል። ኖራው ትንፋሻችን ውስጥ ያለውን ከባድ አየር ጠጥቶ ተመልሶ ድንጋይ ሲሆን ነው፣ እንደ ዱቄት የላመ ድንጋይ።

እንግዲህ ጎረቤት ሲሰበሰብ ይንገሩና አሥቋቸው። ጂቱን ይሳሙልኝ።

አዱኛ

*

አባዶ፣ መጋቢት 20 ቀን 1953 ዓ.ም.

አዱኛ ልጄ፣

ሰላምታውን በልብህ ሙላው፤ ዛሬ ለእሱ ትዕግሥት የለኝም።

ሻርፑን ተወው። ሻማዎቹን ንገረኝ። ከታችኛው ጀምሮ ጠፉ ነው ያልከኝ? መስኮት ተከፍቶ አልነበረም? እርግጠኛ ነህ ነፋስ እንዳልነበረ?

ይህን የምጠይቅህ በምክንያት ነው። እንደማልተውህ አውቀሃል፣ እንግዲህ ስማ።

ሰኔ ላይ ዘር ልናወጣ የእህሉን ጉድጓድ ከፈትነው። ስንዴው ከገባበት ጊዜ ጀምሮ ክዳኑ በጭቃ እንደታሸገ ነበር። በበልጉ ዝናብ ውሃ ሰርጎበት ኖሮ ክዳኑ ሲነሣ ብቅል ብቅል ሸተተን። አጎትህ ኩራዙን ይዞ በመሰላሉ ወረደ። ገና መሰላሉ ላይ ሳለ፣ ኩራዙን ወደ ታች ዝቅ አድርጎ ሲያይ ጠፋበት። «ነፋስ አጠፋብኝ፣ ክብሪት ወርውሪልኝ» አለኝ። ክብሪቱን የወረወርኩለት እኔ ነኝ። አዱኛ፣ ጉድጓድ ውስጥ ምን ነፋስ አለ? ያን ጊዜ አላሰብኩትም። ጆንያ ላመጣ ወደ ቤት ገባሁ። አባትህ ከላይ ቆሞ ነበር።

ጆንያውን ሳነሣ ከጉድጓዱ ውስጥ ድምፅ ሰማሁ። «ኦቦሌሳ ኮ! ኦቦሌሳ ኮ!» ይላል፤ ወንድሜ፣ ወንድሜ። ወፍራም፣ ከምድር ሆድ የሚወጣ ድምፅ ነው። ሮጬ እስክደርስ ጸጥ አለ። አባትህ በሆዱ ተኝቶ ጭንቅላቱን ወደ ጉድጓዱ አስግጓል። መሰላሉ አጠገቡ ነው። አልወረደም። ወንድሙ እየተጣራ አልወረደለትም። ጎረቤታችን ቱሉ ደርሶ በገመድና በሜንጦ ነው ያወጣው፤ ያን ጊዜ አልቋል። ጉድጓዱን መልሰው መረጉት፣ ከዚያ ወዲህ የነካው የለም።

ሽማግሌዎች ተቀመጡ። እኔ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቅሁ፣ «ለምን አልወረድክም?» አልኩት። አባትህ መሬት መሬት እያየ «እኔም አላውቅ» አለ። ይኸው ነው መልሱ። ቱሉ ጋኔን ነው ይላል፣ ሌላው ርስት ፈልጎ ነው ይላል። እኔ ግን ያን ድምፅ ለሽማግሌ አልተናገርኩም፣ ለጂቱም አልነገርኩም። እንዴት አድርጌ እነግራታለሁ? አጎትሽ አባትሽ ሲጠራው ቆሞ ሰማ ልበላት?

አሁን ደግሞ ጂቱን ከመሪ መንደር ሽማግሌ ልከው ጠይቀዋታል። ልጁ ደግ ነው፣ እሷም ወዳዋለች። ሠርጉ ለመጪው ጥር ነው። ነገር ግን አባት የሌላትን ልጅ መርቆ የሚሰጥ የአባት ወንድም ነው፤ የልጁ ወገኖች ያለ እሱ ምርቃት አንወስድም ብለዋል። እኔ ደግሞ ነገሳ በሬን አይረግጥም ብዬ ምያለሁ። ልጄ በሁለታችን መካከል ቀርታ ታለቅሳለች።

እና ስለ ሻማዎቹ ጻፍልኝ። ቶሎ ጻፍልኝ።

ዲንቄ

*

ዛግሬብ፣ ሚያዝያ 22 ቀን 1953 ዓ.ም.

ማንም ሰው ወደዚያ ጉድጓድ እንዳይገባ! ከሰላምታዬ አስቀድሜ ይህን የጻፍኩት ደብዳቤውን ከላይ ጀምረው እንደሚያነቡ ስለማውቅ ነው። አሁን እጅዎን እስማለሁ፣ እትዬ፣ ሐዘንዎንም ዛሬ ገና አብሬዎት አለቀስኩት።

ነፋስ አልነበረም። መስኮቱም ዝግ ነበር፣ ጉድጓዱም ውስጥ ነፋስ የለም። ጋኔንም አይደለም፣ የሰው እጅም የለበትም።

እህል ሕይወት አለው። ቢዘሩት ይበቅል የለ? ሕይወት ያለው ሁሉ ይተነፍሳል። እንደ እኛው ጥሩውን አየር እየወሰደ ከባዱን አየር ይመልሳል። ደረቅ ሆኖ ሲቀመጥ ትንፋሹ ትንሽ ነው፤ ርጥበት ሲያገኘው ግን ሊበቅል ይነሣሣና አብዝቶ ይተነፍሳል። የብቅል ሽታ ሸተተን ያሉት ይኸው ነው። አውድማ ላይ ቢሆን ነፋስ ይበትነዋል። በጭቃ በታሸገ ጉድጓድ ግን መሄጃ የለውም። ከምንተነፍሰው አየር አንድ ጊዜ ተኩል ስለሚከብድ ታች ይተኛል። የጋሼን ኩራዝ ያጠፋው እሱ ነው። አመድ ዳግመኛ እንደማይነድ ሁሉ፣ ይህም አየር የነደደ ነገር ትራፊ ስለሆነ እሳት አያኖርም። ሰውም አያኖርም።

አሁን የምጽፈው ይከብደኛል፤ የአባቴ ልጅ ነኝና ዳኛ ልሆን አልችልም። ቢሆንም መምህሬን ጠይቄያለሁ፣ መጽሐፍም አይቻለሁ። እንዲህ ያለ አየር የሞላበት ቦታ የገባ ሰው በሁለት በሦስት ትንፋሽ ራሱን ይስታል። አይታገልም፣ አይጮህም። ጋሼ ከመሰላሉ ወርዶ እህሉን ከረገጠ በኋላ የሚጣራበት ትንፋሽ አልነበረውም። አባቴም ቢከተለው ዛሬ ሁለት መቃብር ነበር የሚኖረን።

ታዲያ ያ ድምፅ የማን ነበር? ሌት ተቀን ይህን አስባለሁ፤ መልሱን ግን ከዚህ ሆኜ ላውቀው አልችልም።

ቃሌን እንዳያምኑ፤ ዓይንዎን ይመኑ። ክዳኑን አስነሥተው ኩራዝ በገመድ ወደ ጉድጓዱ ያስገቡ። ይጠፋል።

ከልብ የሚወድዎት፣ አዱኛ

*

አባዶ፣ ሰኔ 18 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለተማረው ልጄ ለአዱኛ፣

ጤናህን እመኛለሁ፣ ዕውቀትህን ግን ገና አላመንኩትም።

ደብዳቤህን ለሽማግሌዎቹ አነበብኩላቸው። ያን ድምፅ የሚያነሣውን ቦታ ዘልዬ ነው ያነበብኩት። እህል ይተነፍሳል የሚለው ላይ ስደርስ አቶ ኢቲቻ እስኪያስለው ሳቀ። «እንግዲያ ወፍጮ ቤት ስንወስደው እሪ ይል ይሆናል» አለ። «ልጁ ዛግሬብ የሄደው እህል ሲያንኮራፋ ሊሰማ ነው» አለ ሌላው። አንተን ሲስቁብህ ተናደድኩና ተነሥቼ ወጣሁ። በአንተ የምስቅ እኔ ብቻ ነኝ።

እንዳልከው አደረግን። የአጎትህ ዓመት ካለፈ በኋላ ቱሉ ክዳኑን አነሣ። ኩራዙን በገመድ አስገባነው። አንገቱ ላይ ሆኖ ቦግ ብሎ ነደደ! ብዙ ጠበቅን። አልጠፋም። ቱሉ አየኝ፣ እኔም አየሁት። አባትህ ከአጥሩ ወዲያ ሆኖ ያይ ነበር፤ ጥጃ የሚፈልግ መስሎ። ከዚያ ወደ ቤቱ ገባ። ክዳኑን መልሰን መረግነው።

አዱኛ፣ ልጅ አባቱን ቢያድን አልፈርድበትም። ለእኔ ግን እውነቱን መናገር ነበረብህ። ያን ደብዳቤ ሳነብ ለጥቂት ቀን ቀልሎኝ ነበር። አጎትህ አልተጣራም፣ አልተጨነቀም፣ እንደ እንቅልፍ ወሰደው ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። አሁን ያ ደስታ ቀርቶ ተመልሼ ድምፁን እሰማለሁ።

የመሪ ሰዎች እስከ ጥቅምት ቁርጡን ንገሩን ብለዋል። ጂቱ ከእኔ ጋር መብላት ትታለች።

ዲንቄ

*

ዛግሬብ፣ ሐምሌ 24 ቀን 1953 ዓ.ም.

ለእትዬ ዲንቄ፣ ቁጣዎን በሁለት እጄ ተቀብዬ፣

«አንገቱ ላይ» ብለው ጽፈዋል። ይህችን ቃል ሳነብ ከተቀመጥኩበት ብድግ አልኩ። የእኛ አገር ጉድጓድ እንደ እንስራ አፍ አለው፣ አንገት አለው፣ ሆድ አለው። እኔ «ወደ ጉድጓዱ ያስገቡ» አልኩ እንጂ እስከ ሆዱ አላልኩም። ቱሉም ኩራዙ እንዳይወድቅበት ብሎ አንገቱ ላይ ያዘው። ክዳኑ ሲነሣ አንገቱ ላይ ያለው ይበተናል፤ ከባዱ አየር ግን ሆዱ ውስጥ ነው ያለው። አጎቴ የሞተውም እዚያ ነው። ጥፋቱ የቃሌ ነው። ብርጭቆ ሳጥብ ያሳለፍኩት ዓመት የአገሬን ጉድጓድ አስረስቶኛል።

እንደገና ይሞክሩት። ገመዱ ይርዘም፣ ኩራዙ እህሉን እስኪነካ ይውረድ። የእሳቱ ነገር ካላሳመነዎት ደግሞ ኖራውን ይጨምሩበት። ሀሚድ ዘንድ ኖራ አለ፤ ነገር ግን ውሃ ሲነካው እሽ የሚለውን ይምረጡ። ሜዳ ላይ የከረመ ኖራ ሞቷል፤ ከአየሩ ጠጥቶ ጠጥቶ ተመልሶ ድንጋይ ሆኗል። ጥሩውን በጥብጠው ያዝቅጡትና ኩልል ያለውን ውሃ በሳሕን ወደ ሆዱ ያውርዱ።

አንድ ነገር ልጠይቅ፣ ይቆጡኝ። ያን ድምፅ ለአባቴ ነግረውታል? «ለምን አልወረድክም» ብለው ጠይቀውታል። ምን እንደሰሙ ግን አልነገሩትም። አባቴ ያልተጠየቀውን አይመልስም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።

አዱኛ

*

ዛግሬብ፣ መስከረም 15 ቀን 1954 ዓ.ም.

እትዬ፣ እንኳን ለብርሃነ መስቀሉ አደረሰዎት።

መልስ አጣሁ። መንገዱ በክረምቱ ተበላሽቶ እንደሆነ ለራሴ እነግረዋለሁ። ተቀይመው ከሆነም ይሁን። ብቻ ማንም ወደዚያ ጉድጓድ አለመግባቱን በአንዲት መስመር ይጻፉልኝ። አባቴም ከዚያች ሁለት መስመር ወዲህ አልጻፈልኝም።

አዱኛ

*

አባዶ፣ ጥቅምት 21 ቀን 1954 ዓ.ም.

ለዓይኔ ብርሃን ለልጄ ለአዱኛ፣

የካ ሚካኤል በክንፉ ይጋርድህ፣ ካለህበት በደህና ይመልስህ። ዘገየሁብህ። ተቀይሜ አይደለም። ፈርቼ ነው። አንተ «አባቴን ይጠይቁት» ስትል ደብዳቤህን መሶብ ሥር ደብቄ ከረምኩ።

መስቀል ካለፈ በኋላ የጂቱ ነገር እየጠበበ ሲመጣ አንድ ነገር አሰብኩ። ጂቱን ቤት አስቀምጬ ጥጥ ፍተዪ አልኳት። ሌላ ምንም አልነገርኳትም። ቱሉ ክዳኑን አንሥቶልኝ ወደ ከብቶቹ ሄደ። በሆዴ ተኛሁ፣ ልክ አባትህ በተኛበት ቦታ። አንገቴን አስግጌ የሰማሁትን ቃል ጮህኩት፣ «ኦቦሌሳ ኮ! ኦቦሌሳ ኮ!» አልኩ።

ድምፄን አላወቅሁትም። ወፍራም ሆኖ ከሥር ተመለሰልኝ። ልነሣ ስል ራሴ ዞረ፣ ጉልበቴ ከዳኝ፣ እዚያው ተደፋሁ። በእንብርክክ ነው የራቅሁት። ጂቱ እንዝርቷን ጥላ እየጮኸች መጣች። «እማዬ፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ወንድ ሰው ተጣራ!» አለችኝ። የእናቷን ድምፅ አልለየችውም።

የባሰው ገና ነው። አጥሩ ሲንኮሻኮሽ ዞር አልኩ። አባትህ በዚያ እሾህ መካከል በደረቱ ገፍቶ እየመጣ ነው። ጋቢው ተቀዶ ተንጠልጥሏል፣ ክንዱ ይደማል፣ ፊቱ አመድ መስሏል። እኔን አላየኝም። ጉድጓዱን ነው የሚያየው። «ማነው የጠራው?» ይላል። «እኔ ነኝ» አልኩት። ካኮረፍኩት ጀምሮ የመጀመሪያዋ ቃሌ ይህች ናት።

«አንቺ ይህን ቃል ከየት አመጣሽው?» አለኝ።

«ያን ቀን ከበበ ሲጠራህ ሰምቼ» አልኩት። ይኸው ተናገርኩት።

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ከበበማ አልተናገረም» አለ። «እኔ ነኝ የጠራሁት። እህሉን ሲረግጥ ተንሸራቶ የተቀመጠ መሰለኝ፤ ተኝቼ ጠራሁት፣ ጠራሁት፣ አልመለሰልኝም። ልወርድ ብዬ እጄን ወደ መሰላሉ ብልክ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ፈሪ ነኝ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

እኔስ? ጉልበቴ ገና አሁን አልከዳኝም? ለካ እሱንም ያን ቀን የያዘው ፍርሃት ሳይሆን ያው ከባዱ አየር ነው። አዱኛ፣ አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። ጂቱም አጠገባችን ቁጭ ብላ ታለቅሳለች።

ከዚያ ደብዳቤህን ከመሶቡ ሥር አወጣሁት። እንዳልከው ገመዱን አስረዘምነው። ኩራዙ አንገቱ ላይ ቦግ አለ፣ ሆዱ ጋ ሲደርስ ነበልባሉ አነሰ፣ አነሰ፣ ጠፋ። ደግመን አበራነው፣ ደግሞ ጠፋ። ኖራውንም ከሀሚድ ዘንድ ቀድሜ አምጥቼ ነበር። አንዱን ሳሕን ወደ ሆዱ አወረድነው፣ ሁለተኛውን እደጅ አስቀመጥኩት። እንደ አንተ አልተማርኩም እንጂ ሁለቱን ማስተያየት እንዳለብኝ አላጣሁትም። የደጁ እንደነበረ ነው። ከጉድጓዱ የወጣው ነጭ ቆዳ ለብሷል። በጣቴ ነካሁት፤ ደቃቅ አሸዋ ሆኖ ተሰበረ። አጎትህን የወሰደውን ነገር በጣቴ ነካሁት።

አባትህ ያን ሲያይ ገመዱን ወገቡ ላይ ማሠር ጀመረ። ምን ልታደርግ ነው ስለው፣ «ያን ቀን ያልወረድኩትን ዛሬ ልውረድና ይለይልኝ» አለ። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አኖረ። እኔ ዲንቄ፣ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ለምን አልወረድክም» ስል የከረምኩት፣ እግሩ ላይ ተጠምጥሜ «ኦቦሌሳ ኮ፣ አትውረድ!» ብዬ ጮህኩ። ቱሉ ከብቶቹን ጥሎ እየሮጠ መጣ። ኋላ ሲነግረኝ፣ እሱም ከጉድጓዱ የተጣራ መስሎት ነበር።

ጉድጓዱን አሁን ሞልተነዋል። ከእህሉ ጋር ደፈንነው፤ ማንም ይብላው ያለ የለም። አቶ ኢቲቻ አፈር ሲጥል ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ወደ እህሉ ሲያቀርብ አይቼዋለሁ። ሲያየኝ ወገቤን ነው አለ። አጥሩን አባትህ በደረቱ ጀመረው፣ እኔ በገጀራ ጨረስኩት። እሾኹ ማገዶ ይሆናል፣ እንጨቱ ለጂቱ ሠርግ ዳስ ይቆምበታል። ለመሪ ሰዎች ቁርጡን ነግረናቸዋል፤ ጂቱን መርቆ የሚሰጣት ነገሳ ነው። አሁን ገና ከእኔ ጋር መብላት ጀምራለች፣ ጨው በዛ ብላም ትሰድበኛለች።

ጥቁሩን ሻርፕ ለሚፈልገው ሰው ሽጠውና ነጭ ላክልኝ። ሠርግ ነው።

አባትህ ይኸው አጠገቤ ተቀምጧል፣ ስጽፍ እጄን ያያል። ምን ልበልልህ ስለው፣ «ወንድሜን ጠርቼዋለሁ በይው» አለኝ።

እትዬህ ዲንቄ